ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው ጠበቃ

ባለፈው ወር ወልድያ ላይ ለእህቴ ውክልና ልሰጥ ወረፋ ይዤ ነበር። ተራዬ ደርሶ ጸሐፊዋ የማኅተሙን ቀለም ክዳን ስትከፍት ያ ጎምዛዛ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ባጠቆረበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ "ምን ያስቃል?" አለችኝ። "ሽታው" አልኳት። አላመነችኝም፤ ወረቀቴን አገላብጣ ስህተት ፈለገችበት። ስህተት አልነበረበትም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ወልድያ አልነበርኩም። መርሳ ከተማ ነበርኩ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የአክስቴን የማኅተም ቀለም ሁለት ጉንጬ ላይ ተቀብቼ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

አክስቴ ዘምዘም ትባላለች፤ እኛ ልጆቹ እቴ ዘሚ እንላታለን። ከመንደራችን ከግራና ወጥታ ሕግ የተማረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ትምህርት ቤት ሳለች በክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አስተማሪ ደግሞ "ከእናንተስ ጥሩ የቢሮ ጸሐፊ ይወጣል" ይላቸው ነበር። ይህን ስታወራ የምትስቀው በጥርሷ ብቻ ነው። ተመርቃ፣ ጥቂት ዓመት ደሴ ሠርታ፣ የጥብቅና ፈቃዷን ይዛ "መርሳ ላይ ቢሮ ልከፍት ነው" ስትል ቤተሰቡ በሙሉ ግራና ላይ ተሰበሰበ።

የስብሰባው ዳኛ አያቴ አባ እንድሪስ ነበሩ። እኛ አባባ እንላቸዋለን። ዋርካው ሥር ሽማግሌ በተቀመጠ ቁጥር ቆመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው አገር ሴት ዋርካው ሥር ቀርባ ስለራሷ አትናገርም፤ ነገር ያላት ሴት ባሏን ወይም ወንድሟን ወኪል ታደርጋለች፣ እነሱ ከሌሉ ደግሞ አባባን። እሷ ከአጥሩ ጥግ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ትሰማለች። አባባ ስለ አንዲት መበለት ሲናገሩ መበለቲቱ ራሷ ካለቀሰችው በላይ አልቅሰዋል ይባላል። "የግራና ሴት ሁሉ አፍ እኔ ነኝ" ሲሉ ይኮሩ ነበር። እንግዲህ የገዛ ልጃቸው ለሰው ልናገር ስትል፣ ሥራቸውን የቀማቻቸው ያህል ከፋቸው።

"ሴት ልጅ ዳኛ ፊት ቆማ ስትሟገት አይቼ አላውቅም" አሉ።

"እኔን ያያሉ፣ አባባ።"

"ማነው ነገሩን ላንቺ የሚሰጥ?"

"ሰው አይጠፋም፣ ኢንሻአላህ።"

አባባ ጢማቸውን አሻሽተው ብይን ሰጡ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት እስኪዘጋ ድረስ ትሞክር። እስከዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጠበቃዬ ናት ብሎ ዳኛ ፊት ካቆማት ቢሮዋ ቢሮ ነው፤ ካላቆማት ዕቃዋን ጠቅልላ ትመለስና ሽማግሌ የላከው የውርጌሳው ሰውዬ ነገር እንደገና ይታያል። ስለ ሰውዬው የማውቀው ሦስት በቅሎ እንዳለው ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለበቅሎዎቹ ስትል ብታገባው አልጠላም ነበር።

እኔ ወደ መርሳ የተላክሁት በሌላ ምክንያት ነው። ያላገባች ሴት ብቻዋን ቤት ተከራይታ ስትኖር ሰው ያወራል፤ ልጅ አብሯት ካለ ግን አያወራም። ለምን እንደማያወራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አባባ ትከሻዬን ይዘው፣ "አክስትሽን አደራ" አሉኝ፤ እኔም አደራውን እንደ ወታደር ተቀበልሁት። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው በሩ ላይ አቁሜ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስምና ማግባት አለማግባቱን ጠየቅሁት። ሰውዬው ሁሉንም መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ቆጣሪያችንን የሚያነበው በመስኮት ሆነ።

ቢሮው ከወፍጮ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ አንድ ክፍል ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ እንተኛለን፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሕግ አለ። ሕጉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶዋ ያለበት ፈቃድና አንድ ወፍራም ቀይ የፍትሐ ብሔር መጽሐፍ ነው። ወፍጮው ሲነሳ ፎቶዋ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፤ ማታ ማታ የሁለታችንም ቅንድብ ነጭ ነው። እቴ ዘሚ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ ሰጠችኝ፤ በዚህ ክፍል የተሰማ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። ይህን እጅግ አጥብቄ ስለያዝሁት አስተማሪዬ ምሳ ምን በላሽ ብላ ብትጠይቀኝ "መናገር አልችልም" አልኋትና ከክፍል አስወጣችኝ።

ሰው መምጣቱንስ ይመጣል። ይገባል፣ ዙሪያውን ያያል፣ "ጠበቃው የሉም?" ይላል።

"ጠበቃዋ እሷ ናት" እላለሁ።

ሰውዬው እቴ ዘሚን ያያል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዋን ያያል፤ እንደገና እሷን ያያል። አንዱ "እህታቸው ነሽ?" አላት። ሌላው፣ ከሐብሩ ቆላ የመጣ ትሕትና የሞላበት ሽማግሌ፣ "ግድ የለም፣ እስኪመጡ እቀመጣለሁ" ብሎ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጠ። ሻይ አፈላንለት። ሲሄድ ሁለታችንንም መርቆ "ጌታዬን ሰላም በሉልኝ" አለ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎችም አላገዟትም፤ "ነገርህ ቀላል ከሆነ ወደ ሴትዮዋ፣ ከበድ ካለ ወንድ ፈልግ" ይሉ ነበር። ለካ መርሳ ላይ ቀላል ነገር ያለው ሰው የለም።

አግዳሚው ወንበር ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። የወፍጮ ቤቱ ተራ ጠባቂ ሴቶች ጤፍና ማሽላቸውን ተሸክመው እየመጡ የእኛ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ተቀምጠው ደግሞ ዝም አይሉም። አንድ ቀን ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት ዶሮ ተያያዙ፤ ሁለቱም የኔ ናት ይላሉ። ከወፍጮው ድምፅ በላይ እየጮኹ ሁለት ሰዓት ያህል ሲሟገቱ እቴ ዘሚ ከጽሑፏ ቀና ብላ፣ "ዶሮዋ ጭልፊት ሲያባርራት የምትሮጠው ወደ ማን ቤት ነው?" አለች። ከዚያ አንደኛዋ ሳቀችና "ወደሷ ነው፣ ምን ላርግ" አለች። ይህን የመሰለ ብዙ አየሁ። "ታዲያ የመሬቱን ነገር ለምን እኔ አልይዝልሽም?" ስትላቸው ግን፣ "ኧረ ዘሚዬ፣ ለሱስ ወኪሌ ወንድሜ ነው" ይሉና ዱቄታቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ።

የቀዩ መጽሐፍ ነገር የኔ ጥፋት ነው። ያን የሚያህል መጽሐፍ በቤታችን የማውቀው ቁርኣንን ብቻ ስለነበር፣ አቧራውን ከመጥረጌ በፊት ውዱእ አደርጋለሁ፣ ከዚያም ሽፋኑን ስሜ ግንባሬ ላይ አስነካዋለሁ። የወፍጮ ቤቱ ሴቶች ይህን አዩ። በሳምንቱ ዘሚ ዘንድ ውሸታም የማለበት እንደሆነ እጁን የሚያሳብጥ መጽሐፍ አለ ተባለ። ሰው መጣ! ጨው ተበድራ ካደች የተባለች፣ ምጣድ ሰብራ አልሰበርሁም ያለች፣ ሁሏም መጽሐፉ ፊት ቀረበች። ግማሾቹ እጃቸውን ሳያሳርፉ አመኑ።

እቴ ዘሚ ሰማች። ወንበሩ ላይ ወጥታ ከወፍጮው ድምፅ በላይ እየጮኸች፣ "ይሄ የሃይማኖት መጽሐፍ አይደለም! የመንግሥት ነው!" አለች።

"መንግሥትማ ይበልጥ ያሳብጣል!" አለች አንዷ ከወንበሩ ጫፍ።

የካባውም ነገር እንዲሁ ነው። መርሳ ላይ ካባ ለብሶ ችሎት የሚገባ ጠበቃ አልነበረም፤ እቴ ዘሚ ግን ነገር ጎደላት እንዳትባል ደሴ ላይ ረጅም ጥቁር ካባ አሰፍታ ነበር። የካቲት ውስጥ ብል እንዳይበላው አጥባ በር ላይ አሰጣችው። ጎረቤታችን እማማ በለጡ አዩና አንድም ሳይጠይቁ የስንዴ ንፍሮ ቀቅለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። "ማን ነው የሞተብሽ ልጄ? ለእኔ ሳትነግሪኝ!" እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸውን ሳናባብል የመስጊዱ ሰፈር ሴቶች ቴምር ይዘው ደረሱ። "ማሻአላህ ዘሚ! ጅልባብ ልትለብሺ ነው አሉ፣ አላህ ያጽናሽ!" እማማ በለጡ "ያጽናሽ" የሚለውን ሲሰሙ ልቅሶውን ጨመሩ። እቴ ዘሚ ለሁሉም ልታስረዳ ሞከረች፤ የሰማት የለም። ንፍሮውንም ቴምሩንም በላነው። ካባው ግን ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ሚያዝያ መጣ፣ ካባው ሳጥን ውስጥ ነበር።

በሚያዝያ ግራና ላይ ነገር ተነሳ። አባባና ጎረቤታቸው አባ ይመር አርባ ዓመት ዋርካው ሥር ለሰው ሲሟገቱ የኖሩ ተቀናቃኞች ናቸው። አሁን ግን ስለራሳቸው ተጣሉ። በወሰናቸው ላይ ያለች አንዲት ማንጎ ቅርንጫፏን የአባ ይመር ሽንኩርት ላይ ዘረጋች። አባ ይመር ጥላዋ ሽንኩርቴን ገደለው አሉ፤ አባባ ቅርንጫፏን አልነካም አሉ፤ አባ ይመር እልህ ያዛቸውና ጭራሽ ዛፏም በኔ መሬት ላይ ናት አሉ። ሽማግሌ እንዳይቀመጥ ሽማግሌዎቹ እነሱ ናቸው። በአባ ይመር ክስ ነገሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ደረሰ።

አባባ መርሳ መጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሻይ ጠጡ። እቴ ዘሚ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እኔም ሰው ተገኘ፣ አለቀ ብያለሁ።

"የወልድያ መኪና በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ወልድያ ምን ሊያደርጉ?"

"ሰው ላነጋግር።"

ሰውዬው ጠበቃ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። አባባ ሲነሱ ፈቃዷ ፊት ቆሙ፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ዱቄት በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሄዱ። እቴ ዘሚ መኪናው ድረስ ሸኝታቸው ተመለሰችና መጋረጃውን ዘጋች። ያኔ ወፍጮው ቆሞ ስለነበር ሁሉ ነገር ይሰማል። ዱቄት ዓይኗ ውስጥ የገባ መስሎኝ ውሃ ወሰድሁላት። ውሃውን ተቀብላ አቀፈችኝ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። አባባን እንዲያ የጠላሁበት ቀን የለም።

የወልድያው ጠበቃ ሁለት ቀጠሮ ቀረ። አንዴ መኪናው ተበላሸ፣ አንዴ ሌላ ችሎት አለብኝ አለ። የመጨረሻው ቀጠሮ ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆነ።

ሳምንት ሲቀረው አንድ ማለዳ፣ ወፍጮው ሳይነሳ፣ በራችን ተንኳኳ። አባ ይመር ነበሩ። የአባታቸውን ስም ልጠይቅ ስል እቴ ዘሚ ወደ ኋላ ጎተተችኝ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ" አሉ ተቀምጠው። "ጠበቃ አድርጌ ልይዝሽ መጣሁ።"

"እኔን? በማን ላይ?"

"በአባትሽ ላይ ነዋ።"

አባ ይመር ዱላቸውን እያሽከረከሩ፣ "ወላሂ፣ እህል ላስፈጭ መጥቼ ሦስት ጊዜ ሰምቼሻለሁ" አሉ። "ሴቶቹ መዓት ነገር ያወራሉ፤ አንቺ አንዲት ነገር ትጠይቂያለሽ፤ ነገሩ ያልቃል። እንድሪስ ያንቺን ሩብ ቢያውቅ አርባ ዓመት ባላሟገተኝ። እሱ ዓይኑ ሳይገለጥ ቀድሜ ልያዝሽ ብዬ ነው።"

እቴ ዘሚ ፊቷ ሲበራ አየሁ። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሰው ይኸው ፊቷ ተቀምጧል፤ እሺ ብትል ቢሮዋ ቢሮ ነው። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ፈቃዷን አየች። ከዚያ፣ "አባ ይመር፣ ስለ ነገሩ አንድ ቃል ሳይነግሩኝ ይነሱ" አለች። "በአባቴ ላይ መቆም አልችልም። ሌላ ማንም ላይ ቢሆን ግን ደስ እያለኝ።"

"አውቄዋለሁ" አሉ፤ ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። እኔ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ አለቀስሁ። እንቢታዋ ሞኝነት መስሎኝ ነበር፤ በቅሎዎቹንም ቢሆን አልፈለግኋቸውም።

በገበያው ቀን አባባ ከባለ ጋሪው ከአሊ ጋር መጡ። ደጃፋችን ላይ ቆመው፣ "ችሎቱ ባለቀ ቀን መጥተህ የዘሚን ዕቃ ትጭናለህ" ሲሉት ሰማሁ። አሊ እሺ ብሎ ሄደ። እቴ ዘሚ ገበያ ወጥታለች። የማደርገውን አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ወጣሁና ሕጓን ጣስሁ።

"አባባ፣ አባ ይመር ሊይዟት መጥተው ነበር።"

"ማን? ይመር?"

"ማልደው ነው የመጡት። አንቱ ዓይንዎ ሳይገለጥ።"

አባባ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። "ምን አለች?"

"እንቢ አለች። በአባቴ ላይ አልቆምም አለች።"

"ይመር" አሉ ለራሳቸው። "ይመር በዕድሜው የማይረባ ሰው ይዞ አያውቅም።" ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ቅናት ነበር፤ ከቅናቱም ሥር እፍረት ነበረበት። ቃል ሳይጨምሩ ሄዱ። እኔም ማታ ለእቴ ዘሚ ተናዘዝሁ። ቀይ መጽሐፉን ለአንድ ወር እንዳልነካ ቀጣችኝ፤ ከዚያ አቅፋኝ ተኛች።

የቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ አባባ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ያ የወልድያው ሰውዬ አይሆንም፤ ያማል" አሉ።

"ታመመ?"

"እኔን አመመኝ። ወረቀቱን ጻፊ።"

እቴ ዘሚ ወፍጮው ሳይነሳ የውክልናውን ወረቀት ጽፋ ማኅተሟን አሳረፈችበት። ካባውን ከሳጥን አወጣች።

ችሎቱ ውስጥ የወፍጮ ቤቱ ሴቶች ዱቄት እንደለበሱ ሦስት አግዳሚ ወንበር ሞልተዋል። ዳኛው "ተከሳሽ፣ ጠበቃዎ ቀርበዋል?" ሲሏቸው አባባ ተነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጠበቃዬ እሳቸው ናቸው" አሉ፣ በእጃቸው ወደ እኛ እያሳዩ።

እሳቸው የተባሉት የትኛው ሽማግሌ ናቸው ብዬ ወደ ኋላ ዞርሁ። ከኋላችን ግድግዳ ብቻ ነበር። ቀና ስል እቴ ዘሚ ቆማለች።

አባ ይመር የራሳቸው ተሟጋች ራሳቸው ናቸው። ረጅም ተናገሩ፤ ስለ ሽንኩርቱ ሲናገሩ ከሴቶቹ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ሲጨርሱ እቴ ዘሚ ወደ እሳቸው ዞረች።

"አባ ይመር፣ በማሉት መሐላ፣ ይህቺ ማንጎ ስትተከል ጉድጓዱን ከአባቴ ጋር የቆፈረው ማን ነው?"

አባ ይመር ጣሪያውን አዩ። "እኔ ነኝ።"

"በማን መሬት ላይ?"

ዱላቸውን አሽከረከሩ። "በእንድሪስ።"

"ቅርንጫፏ ሽንኩርትዎን እንደጎዳ እናምናለን፤ ይቆረጣል። ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"እንዴት ትጨርሻለሽ!" አባባ ዘለው ተነሱ። "ገና እኮ አልጀመርሽም!"

ዳኛው ይቀመጡ አሏቸው። ተቀመጡ፤ ተነሱ። ሦስተኛው ላይ ጠበቃ ያለው ሰው ዝም ይላል ተባሉ። የግራና ሴት ሁሉ አፍ የጋቢያቸውን ጫፍ ጥርሳቸው ላይ ይዘው ዝም አሉ። ዳኛ መሳቅ በሕግ የተከለከለ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ዳኛው ያልወደቀ እስክሪብቶ ሊያነሱ ጠረጴዛው ሥር ገብተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ፈረዱ፤ ዛፏ የአባባ ናት፣ ቅርንጫፏ ትቆረጥ።

እስከ ቢሮው ድረስ አባባ ሲያጉረመርሙ ሄዱ። "ሁለት ጥያቄ! እኔ ብሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናገረው ነበር።"

"ዳኛው ምሳ አላቸው፣ አባባ።"

በራችን ላይ አሊ ጋሪውን አቁሞ ገመድ ይፈታል። "ከየቱ ልጀምር?" አለ።

"ምኑን?" አሉ አባባ።

"የዘሚን ዕቃ ነዋ። አንቱ አይደሉ ችሎቱ ባለቀ ቀን ና ያሉኝ?"

አባባ ከላይ እስከ ታች አዩት። "ምስክር አለህ?"

"ኧረ አባ እንድሪስ! እዚችው ደጃፍ ቆመው!"

"በጽሑፍ ሰጥቼሃለሁ?"

"አልሰጡኝም።"

"እንግዲያው እኔን አትጨቅጭቀኝ። ነገር ካለህ ግባና ጠበቃዬን አነጋግር።"

አሊ ግራ ገብቶት ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት የማሽላ ጆንያ መሃል ተቀመጠ። እቴ ዘሚ ካባዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠች፤ ወረቀት ሳበች።

"ጠበቃ" አላት፤ በመርሳ ከተማ እንዲያ ብሎ የጠራት የመጀመሪያው ሰው አሊ ነው። "ግራና ድረስ ባዶ ጋሪ ይዤ ልመለስ ነው?"

"አባቴ ወደ ግራና የሚመለሱት በምንድን ነው፣ አሊ?"

አሊ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣና አባባን ጫናቸው።